ባለቤቴን የዴሊቨሪ ቫን ገጨው፣ ኢንሹራንሱ «ፈርሙና ብሩን ውሰዱ» ይላል

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት ላይ የዴሊቨሪ ቫን ከጎን ገብቶ ገጨው። ፖሊስ መጥቶ ጽፏል። የኛ ሰው መቼም ታውቁታላችሁ፣ ለፖሊሱም ለሹፌሩም «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሸኛቸው። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ማዞር አቃተው። ቀኝ እጁ እስከ ጣቶቹ ይደነዝዘዋል፣ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። አሁን የቫኑ ኢንሹራንስ ሴትዮ በየቀኑ ትደውላለች። ስታወራ ማር ናት። «4,000 ዶላር እንልካለን፣ በኢሜይል የላክሁትን ወረቀት ስልካችሁ ላይ ፈርሙ» ትላለች። ኪራይ ደርሷል፣ እሱ ሥራ አልገባም፣ አገር ቤት ደግሞ የእህቱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከኛ ነው የሚጠበቀው። እንፈርም ወይስ እንቆይ?

ጋሽ ካሚዮን፦
እቴ፣ እግዚአብሔር ይማረው። እንዳትፈርሙ! ያ ወረቀት ሪሊዝ ይባላል። ከፈረማችሁ በኋላ አንገቱ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ቢባል እንኳ ተመልሳችሁ አትጠይቁም። የመኪናው ጥገናና የአካል ጉዳቱ ሁለት የተለያየ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ነው፤ የመኪናውን ለብቻው መጨረስ ይቻላል፣ ወረቀቱ ስለ መኪናው ብቻ የሚያወራ መሆኑን ካነበባችሁ።

ሁለተኛ፣ ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ ድምፁ እየተቀዳ ቃል እንዳይሰጥ። ግዴታ የለበትም። ለራሳችሁ ኢንሹራንስ ግን መናገር አለባችሁ። የምፈራው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ተጎጂው 1 በመቶ እንኳ ጥፋት ከተገኘበት ምንም ካሳ አያገኝም። እንዲህ ያለ ሕግ የቀረው ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አላባማና ዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ነው። ዲሲም ብትሆን በ2016 ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አሻሽላዋለች። የኛ ሰው ደግሞ በጨዋነት «እኔም ትንሽ ፈጠን ብዬ ነበር» ይላል። ያቺ ቃል ከተቀዳች አለቀ።

ጊዜ አላችሁ፤ ለአካል ጉዳት ክስ ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድ 3 ዓመት ነው። የማይቆየው ማስረጃው ነው። ቫኑ ላይ የተጻፈው ስም የአሠሪው ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ የሚነዱት በኮንትራክተር ሥር ነው፣ ባለ ስሙ ኩባንያ «ሠራተኛዬ አይደለም» ይላል። የፖሊስ ሪፖርቱን አውጡና ባለንብረቱና ኢንሹራንሱ ማን እንደሆነ እዩ። ካሜራ ካለው ቅጂው እንዳይጠፋ ቶሎ በደብዳቤ መጠየቅ አለበት። ትልቅ ካሚዮን ቢሆን ኖሮ ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንደነዳ የሚመዘግብ መሣሪያ አለው፣ መዝገቡንም ለ6 ወር ማስቀመጥ ግድ ነው። ክብደቱ ከ10,001 ፓውንድ በታች የሆነ ቫን ላይ ግን ያን አትጠብቁ።

ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ሳይታከም በሰነበተ ቁጥር ሕመሙን ከአደጋው ጋር የሚያያይዝለት ወረቀት የለውም።

ናፋቂ፦
እኔ እግሬ ተሰብሮ ተኝቼ ሳለሁ ወሬው አገር ቤት ደረሰ። መጀመሪያ እናቴ አለቀሱ። በማግስቱ የአጎቴ ልጅ ደወለና «አሜሪካ መኪና የገጨው ሰው ሚሊየነር ይሆናል አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። ከዚያ ጣሪያ የሚቀይረው፣ ባጃጅ የሚገዛው ተራውን ያዘ። ካሳው ሳይመጣ ተከፋፍሎ አለቀ። እህቴ፣ ለቤተሰብ «ታሟል» ብቻ በሉ፣ ኢንሹራንስ የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ አልጋው ዙሪያ ይውል ነበር። እዚህ በሬን የሚያንኳኳው ያው ዴሊቨሪ ነው።

ባለ ታክሲው፦
አንድ የማውቀው ሰው አለ። ጠበቃም ኪሮፕራክተርም (ጀርባና አንገት በእጅ የሚያክም) በአንዴ ያገናኛል፣ ትራንስፖርትም ያመቻቻል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ኧረ በፈጠራችሁ! እዚህ ሜሪላንድ እንደዚህ ያለ «አገናኝ» ነው እኔንም የወሰደኝ። ከተስማማሁበት ካሳ ላይ ጠበቃው ሲሶውን ወሰደ። ቀጥሎ ወጪ ተብሎ ተቀነሰ፣ ቀጥሎ የጤና ኢንሹራንሴ «ያሳከምኩበትን መልሺ» አለ። ኪሮፕራክተሩ ዘንድ የተመላለስኩበት ሁሉ ከዚያው ከካሳዬ እንደሚነሳ የነገረኝ የለም። ለእጄ የቀረውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ለአንገት ሕመም 4,000 ዶላር የማይረባ አይምሰላችሁ።

ጋሽ ካሚዮን፦
እትዬ፣ ያንቺ ጠበቃ ክፉ ስለነበረ ሰው ሁሉ ጠበቃ አይያዝ ማለት ነው? ሰውየው እጁ እየደነዘዘ ነው። ኤምአርአይ ሳይነሳ 4,000 በቂ ነው የሚል ማነው? አንተ ባለ ታክሲው ደግሞ ስማ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በክፍያ ለጠበቃ ደንበኛ መመልመል ወንጀል ነው። ወገን ሲታመም ኮሚሽን መቁጠር ነውር ነው።

ባለ ታክሲው፦
ማን ኮሚሽን አለ? ወገን መርዳት ወንጀል ሆነ? እርስዎ ካሚዮን ስለነዱ ብቻ ዳኛ ሆኑ እንዴ?

ጋሽ ካሚዮን፦
ስልክህን እዚሁ አደባባይ ላይ ጻፈዋ! በውስጥ መስመር ለምን ትላለህ?

ናፋቂ፦
እባካችሁ ሴትየዋ ጨንቋት ነው የጻፈችው።

ባለ ታክሲው፦
የስድብ ግሩፕ መሆኑን አላወቅኩም። ደህና ሁኑ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ይሂድ። ጋሽዬ፣ አልተጣላንም፣ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። የኔ ጠበቃ ቼኩን ሰጥቶ ሸኘኝ እንጂ ምን በምን እንደተቀነሰ በወረቀት አላሳየኝም። አሁን መጠየቅ ይቻላል?

ጋሽ ካሚዮን፦
ይቻላል እንጂ። ከካሳው በመቶኛ የሚወስድ ጠበቃ ጉዳዩ ሲያልቅ ስንት እንደመጣ፣ ለማን ምን እንደተከፈለ፣ ላንቺ ስንት እንደቀረና እንዴት እንደተሰላ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ደንቡ አንድ ነው። በኢሜይል ጠይቂው፣ በስልክ ሳይሆን።