የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት፦ የፕሮጄስትሮን ሪሰፕተር አንቲቦዲ

አስተባባሪ፦ ውድ አባላት፣ ረቂቁ አዲስ አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) እንዲሠራላቸው አራት የሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲኖችን (ሪሰፕተሮችን) ይዟል፦ የኤስትሮጅን ሪሰፕተር አልፋና ቤታ፣ የአንድሮጅን እና የፕሮጄስትሮን ሪሰፕተር። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። የቱ ይቅር?

ከፓቶሎጂ፦ ሦስቱ ይቅሩ። የቤታን ጣጣ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት 13 አንቲቦዲዎች ተፈትነው በቲሹ ላይ ቤታን ብቻ ለይቶ የያዘው አንዱ ነበር። ቤታ ከታወቀበት ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ስለሱ የተጻፈው ሁሉ በምን ላይ እንደቆመ አስቡት። ፕሮጄስትሮን ሪሰፕተር ቢ ይበቃናል።

ከባዮኬሚስትሪ፦ እስማማለሁ። የፕሮጄስትሮን ሪሰፕተር ሁለት ዓይነቶች፣ ኤ እና ቢ፣ የሚወጡት ከአንድ ጂን ነው። ቢ ከፊቱ 164 አሚኖ አሲዶች ይጨምራል እንጂ ቀሪው አንድ ነው፤ ስለዚህ አይጦቹን የምንከትበው ከ164ቱ በተመረጠ ቁራጭ ነው። ረቂቁ ግን «በዌስተርን ብሎት ይረጋገጣል» (ከህዋስ የወጡ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ምርመራ) ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። በብሎት ሁለቱንም የሚያሳይ አንቲቦዲ፣ ፎርማሊን (ቲሹ እንዳይበላሽ የሚዘፈዘፍበት ፈሳሽ) በነካው ቲሹ ላይ «ኤ»ን ብቻ ያሳየበት ጊዜ አለ። ሪሰፕተሩ ጨርሶ የሌላቸው፣ ኤ ብቻ ያላቸውና ቢ ብቻ ያላቸው የቲ47ዲ ህዋሶች (በላቦራቶሪ የሚያድጉ የጡት ካንሰር ህዋሶች) ልክ እንደ ታካሚ ቲሹ ፎርማሊንና ፓራፊን አልፈው ይፈተኑ።

ከማህፀን ሕክምና፦ የወር አበባ ዑደቷ ያልተጻፈ ሴት ናሙና አይግባ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ሪሰፕተሩ በማህፀን ሽፋን እጢዎች ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዙሪያቸው ባሉት ደጋፊ ህዋሶች ግን ይቆያል። ቀኑን ካላወቅን አንቲቦዲው ሰነፈ ወይስ ፕሮቲኑ የለም፣ በምን እንለያለን? ዲፖ (ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ መርፌ) የሚወጉትም ለብቻ ይመዝገቡ፤ እኛ አገር ደግሞ ብዙ ናቸው።

አስተባባሪ፦ እሺ ዶክተር፣ ቅጹ ላይ አስገባዋለሁ። የፎርማሊኑ ሰዓትስ?

ከፓቶሎጂ፦ ለጡት ካንሰር ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው የሚባለው፤ እሱኑ እንውሰድ። ዓርብ የወጣ ቲሹ ሰኞ ማታ ድረስ ተዘፍዝፎ የሚቆይበት ቤት አለ፤ በዓል ከተደረበበትማ አይነሣ። የገባበትና የወጣበት ሰዓት ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ገበያ ላይ ያሉትን አንቲቦዲዎች አስቀድመን በእነዚሁ ህዋሶች ብንፈትንስ? አንዱ ካለፈ አይጥ ማርባቱ ለምን?

ከባዮኬሚስትሪ፦ ልክ ብለሻል እህቴ፤ ምዕራፍ አንድ ይሁን።

ከፓቶሎጂ፦ ታዲያ ለገንዘብ ሰጪው «አዲስ ላንሠራ እንችላለን» ብለን ልንጽፍ ነው?

አስተባባሪ፦ እንጽፋለን። የአይጦቹና የሃይብሪዶማው (ከአይጦቹ ተወስደው አንቲቦዲ የሚያመርቱ ህዋሶች) በጀት በምዕራፍ ሁለት ብቻ፣ አንዳቸውም ካላለፉ የሚለቀቅ ተብሎ ይግባ። ሠንጠረዡን ሐሳቡን ያመጣችው እህታችን ትጀምረው።

አዲስ አባል፦ እሺ፣ ማክሰኞ እልካለሁ። የህዋሶቹን ዋጋ ግን አንዳችሁ ስጡኝ።