ኮሮላ ላይ የተሳቢ ጋንቾ የገጠመ ሰው እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከጎንደር ነኝ። ከማክሰኝት ሽንኩርት ለማመላለስ ኮሮላዬ ላይ ለትንሽ ተሳቢ መጎተቻ የሚሆን ጋንቾ ላስገጥም ብዬ ሳምንት ሙሉ ተንከራተትኩ። አንዱ በያጅ ፓራውልቱ (የኋላ መከላከያው) ላይ ልበይድልህ አለኝ። ፈራሁ። ፓራውልት ጭነት አይጎትትም፤ ኮሮላ ደግሞ እንደ ፒካፕ ለብቻው ሻንሲ (ከሥር ቦዲውን የሚሸከም የብረት አካል) ስለሌለው ጋንቾው ከኋላ ያሉትን ወፍራም የቦዲ ብረቶች ይዞ በቡሎን መታሰር አለበት፣ በተለይ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለውን ዳገት ሳስበው። ተሳቢው የሚያያዝበትን ባለ 50 ሚሊሜትር ኳስ አግኝቻለሁ። የቸገረኝ የት ጋ እንደምበሳ ነው፤ ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) እዚያው ቅርብ ነው። የተሳቢውን የፍሬቻና የፍሬን መብራት ገመድስ ከየት ልቀጥል? ፊውዝ እንዳላቃጥል ሰግቻለሁ። የሠራችሁት ካላችሁ ከሥር የተነሳ ፎቶ ላኩልኝ፣ በእናታችሁ።