«ሳሙኤል» ማለት በእርግጥ «የተለመነ» ማለት ነውን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በስለት ያገኘነውን ወንድ ልጃችንን ሳሙኤል ብለን ልናስጠምቀው ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። በ1ኛ ሳሙኤል 1፥20 ሐና «ከእግዚአብሔር ለምኜዋለሁ» ብላ ልጇን እንደ ሰየመችው ስለተጻፈ ትርጉሙ የታወቀ መስሎን ነበር። ዕብራይስጥ በመጠኑ የተማረ አንድ ወዳጃችን ግን መለመን የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ እንደሌለና ከሳሙኤል ይልቅ ለንጉሡ ለሳኦል እንደሚስማማ ነገረን። «እግዚአብሔር ሰማ» ማለት ነው የሚሉም አሉ። የትኛውን እንያዝ?

መላሽ 1፦
ወዳጃችሁ የተናገሩት መሠረት ያለው ነው። በዕብራይስጥ «ሻአል» የሚባለው ግስ በግእዝ «ሰአለ» የምንለው ነው፤ በቅዳሴ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ሲባል የምንሰማው ማለት ነው። (ከሠዓሊ ሥዕል ጋር እንዳይምታታ፤ ያኛው በሌላ «ሠ» እና በ«ዐ» ይጻፋል።) የግሱ ሦስት ፊደላት፣ ሺን፣ አሌፍና ላሜድ፣ በ«ሽሙኤል» ውስጥ መገኘታቸው ጆሮን ያታልላል እንጂ አሌፉና ላሜዱ «ኤል» የተባለው የአምላክ ስም ናቸው፤ «ሜም» የተባለው ፊደልም በግሱ ውስጥ ቦታ የለውም።

«እግዚአብሔር ሰማ» የሚለውም አያስኬድም። መስማት በዕብራይስጥም እንደ ግእዙ «ሰምዐ» «ዐይን» (ዐ) በተባለው ፊደል የሚያልቅ ግስ ነው፤ ይህ ዐይን በእስማኤል ስም ውስጥ ሳይጠፋ ሲገኝ በሳሙኤል ግን የለም። የሚቀረው «ሼም» ነው፤ ይኸውም የእኛው «ስም»። ስለዚህ «ስመ ኤል» ወይም «ስሙ ኤል ነው» ብሎ መፍታት ይሻላል። አሠራሩ «የኤል ፊት» ከሚለው ከፋኑኤል ጋር አንድ ነው፤ በሉቃስ 2፥36 የተጠቀሰችው ነቢዪት ሐና የፋኑኤል ልጅ መሆኗም ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው።

መላሽ 2፦
በሰዋስው ከተባለው የምቃወመው የለኝም፤ ነገር ግን ሐና የተናገረችው የቃል ፍቺ ሳይሆን የድምፅ መቀራረብ መሆኑን ካላስተዋልን መጽሐፉን እንደ ተሳሳተ እንቆጥረዋለን። በኦሪትም ቢሆን ላሜሕ ኖኅን ሲሰይም በዕብራይስጡ የተጠቀመው «ማጽናናት» የሚለውን ግስ ነው፤ ስሙ ግን የሚቀርበው «ማረፍ» ለሚለው ነው። አሰያየሙ እንዲህ ነው፤ ስሙን የሰጠው ሰው በልቡ ያለውን ነገር በስሙ ድምፅ ላይ ያሳርፋል።

የሳኦል ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዕብራይስጡ ምዕራፍ 1 ውስጥ የ«ሻአል» ግስ ዘሮች 7 ጊዜ ይመላለሳሉ፤ በቁጥር 28 ሐና ልጇን ለእግዚአብሔር ስትሰጥ ከእነዚህ ከሰባቱ የመጨረሻው ሆኖ የተጻፈው ቃል «ሻኡል» ነው፤ ፊደሉ ከንጉሡ ስም ጋር አንድ ነው። በአማርኛው ንባብ ይህ መያያዝ ስለማይታይ ብዙዎቻችን አላስተዋልነውም። አንዳንድ ሊቃውንት ታሪኩ መጀመሪያ የሳኦል ልደት ታሪክ ነበር እስከ ማለት ደርሰዋል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም፤ ጸሓፊው ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል። በ8፥10 ንጉሥ የፈለገው ሕዝብ በዚያው ግስ «የለመኑት» ተብሎ ተጠርቷል። ሐና ለምና ነቢይ አገኘች፤ ሕዝቡ ለምኖ «የተለመነ» የሚባል ንጉሥ ተሰጠው። ሁለቱን ልመናዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል አያገኝም።

መላሽ 3፦
ጠያቂው «በስለት ያገኘነው» ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛችን «ስለት» የሚለውን ያገኘው ከግእዙ «ስእለት» ነው፤ እርሱም ልመና ማለት ሲሆን ካህኑ ዔሊ በቁጥር 17 ለሐና ከተናገረው «ሽኤላ» ጋር አንድ ሥር ነው። በዕብራይስጡ ሐና በቁጥር 11 የገባችው ቃል ኪዳን ግን «ኔዴር» በሚል ሌላ ቃል የተጻፈ ነው፤ በግእዝ «ብፅዓት» የምንለው ዓይነት። እኛ ልመናውንና ቃል ኪዳኑን በአንድ «ስለት» ስለምንጠራቸው «የስለት ልጅ» ስንል ሐና በሁለት ቃል የተናገረችውን በአንድ እንናገራለን።

ስለዚህ የስሙን ፍቺ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር «ስመ ኤል» በሉት፤ ለምን ይህን ስም እንደ መረጣችሁ ለሚጠይቃችሁ ደግሞ ሐና ያለችውን መልሱለት።