ለእናቴ የትኛው ምርመራ ይጠቅማታል?

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) አለባት ተብላ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት በሳምንት አንዴ ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ይገትራሉ፤ ሊጥ ማቡካት ካቆመች ሰነበተች።

ለዚሁ በሽታ የሚታዩት የሩማቶይድ ፋክተርና የአንቲ ሲሲፒ የደም ምርመራ ውጤቷ ሁለቱም በጣም ከፍ ብሏል። የሰውነት መቆጣትን (ብግነትን) የሚያሳየው ሲአርፒም እንደዚያው። የእጅና የእግር ራጇ ግን አጥንቱ ገና አልተጎዳም ይላል። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ሳነብ እንደገባኝ አንቲ ሲሲፒ ከፍ ያለበት ሰው አጥንቱ የመሸርሸር ዕድሉ ሰፊ ነው። ብግነቱ ካልበረደ ደግሞ ይብሳል። ራንክኤል የሚባል ፕሮቲን አጥንት የሚበሉትን ኦስቲዮክላስት ሴሎች ይቀሰቅሳል። ሲቲኤክስ 1 ደግሞ አጥንት ሲፈርስ ወደ ደም የሚገባ የኮላጅን ቁራጭ ነው። ኤምኤምፒ 3 የሚባል፣ የመገጣጠሚያን ልም አጥንት የሚያፈርስ ኢንዛይምም አለ። ስሙ ብቻ ያደክማል! ግን ሲቲኤክስ 1 ከማረጥ በኋላም ይጨምራል አሉ። ታዲያ 60 ዓመት ያለፋት ሴት ላይ ቢጨምር በሽታው ነው ወይስ ዕድሜው?

እነዚህን ለማስመርመር ናሙና አዲስ አበባ ድረስ ልላክ? ወይስ ብሩን መድኃኒቱ ለሚጠይቀው የጉበትና የደም ሴል ክትትል፣ ለተደጋጋሚ ራጅም ባውለው ይሻላል? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ራጁስ በየስንት ጊዜው ይደገም? አልትራሳውንድ ጉዳቱን ቀድሞ ያሳያል የሚሉም አሉ፤ ባሕር ዳር የሚሠራበት ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ጠበሉን አልተወችም፣ እኔም አልከለክላትም። መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ብቻ ነው የምለምናት። የመገጣጠሚያ ሐኪም የሆናችሁ ወይም ያስታመማችሁ፣ እባካችሁ መልሱልኝ።