«ጅብ ግብር አይከፍልም»

የእንጦጦ ልጅ፦ ቅዳሜ በነዋሪው ስብሰባ ደላላው ተነስቶ «ጅቡ ከጋራው ካልጠፋ መሬቱ ዋጋ አያወጣም፤ ጅብ እንደሁ ግብር አይከፍልም» ሲል አጨበጨባችሁለት። እኔ እስካሁን አልበረደልኝም።

ባለአህያው፦ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት በር ስከፍት ከአህያዬ የተረፈኝ ገመዷና አንድ ሰኮና ነው። ግብሬን የምከፍለው በሷ ጀርባ ነበር።

ካባ ሠፈር፦ አንተ ደግሞ መቼ ግብር ከፍለህ ታውቃለህ?

ባለአህያው፦ ከአንተስ ይሻላል። ወሬህን ወደ ጅቡ መልስ።

የእንጦጦ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ለአህያህ አዝናለሁ። ግን ወቅቱን እየው፤ ዐቢይ ጾም ነው። ሉካንዳው ተዘግቷል፣ አጥንት የሚጥል የለም። ትግራይ ውስጥ የጅብ ዓይነ ምድር መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙ ተመራማሪዎች አሉ። የአህያ ጸጉር የተገኘበት ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ በጾሙ 33 ገባ።

ባለአህያው፦ እንግዲህ ጥፋቱ የጾሙ ሆነ!

የማኅበር ቤት፦ እማማ ኪዳን ለማድረስ በሌሊት ይወጣሉ። እስከ አስፋልቱ በባትሪ እያበራሁ የምሸኛቸው እኔ ነኝ። በመቶኛ አታስፈራሩን፤ ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ መገላገል ነው።

የእንጦጦ ልጅ፦ መርዝ መርጦ አይገድልም። ጥንብ አንሳውም፣ የራስሽ ውሻም ያልቃሉ። ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ አለ።

የማኅበር ቤት፦ አዋጁን ለጅቡ አንብብለት።

ካባ ሠፈር፦ ደላላው ምን አጠፋ? የድንጋይ ካባው ቢስፋፋ ስንቱ ወጣት እንጀራ ያገኛል። ጅቡ ግን ግብር...

ጎረቤት፦ አሁንም ግብር! ካባችሁ ድማሚት ባፈነዳ ቁጥር የሳሎኔ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ የጅቡማ ዋሻ ከተናደ ቆየ። ታዲያ የት ይደር? ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ ቁርበት ያስነጠፈው ባለቪላው ነው።

ካባ ሠፈር፦ ግድግዳሽ የተሰነጠቀው በሲሚንቶ ስለሰሰትሽ ነው።

ጎረቤት፦ ና ቁመህ እየው! ባለፈው ሲፈነዳ ብርጭቆዬ ከመደርደሪያ ወርዷል።

የእንጦጦ ልጅ፦ የጅቡን ነገር ተዋችሁት?

ባለአህያው፦ የአህያዬን ዋጋም ያነሳ የለም። ለፋሲካ እህል ወፍጮ የሚያደርስልኝ አህያ የሚያከራይ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።