የመጀመሪያ ልጃችን በነሐሴ ይወለዳል፤ ሌሊት ምጥ ቢመጣ ከቱሉ ዲምቱ እንዴት እንድረስ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክትትሏ በአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ ነበር፤ የደም ግፊቷ ትንሽ ከፍ ስላለ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል እንድትወልድ ሪፈር ጽፈውላታል። እናቶቻችን ክፍለ ሀገር ናቸው። መኪና የለንም፤ እኔም በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ነኝ። ምን እናዘጋጅ? መቼ እንነሣ?

የሦስት ልጆች እናት፣ ገላን፦ ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ስለ ቦርሳው ይነግርሃል፤ እኔ ከመንገዱ ጀምር እልሃለሁ። ሁለተኛ ልጄን ሳምጥ ቦርሳዬ ከወር በፊት ተሰናድቶ በር ሥር ነበር፤ የግቢው በር ግን ተቆልፎ ጥበቃው ቁልፉን እንደያዘ ሌላ ብሎክ ሄዷል። ዝናቡ እየወረደ፣ የበሩን ብረት ጨብጬ ሁለት ጊዜ አማጥሁ። ዛሬውኑ ለጥበቃው ንገረው። መኪና ካላቸው ጎረቤቶች ሁለቱን አስቀድመህ ለምናቸው፤ አንዱ ላይገኝ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በሁለታችሁም ስልክ መዝግቡት። ተረኛ በምትሆንበት ሌሊት አንዲት ጎረቤት አብራት ትደር።

አዋላጅ ነርስ፦ ጤናማ የሆነች የመጀመሪያ ልጅ ወላጅ ምጡ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ፣ አንድ ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ ለአንድ ሰዓት ከቀጠለ ትነሣለች እንላለን። ባለቤትህ ግን ግፊት አለባት፤ ምጡ እንደጀመራት ተነሡ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ደም፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ምጥ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብላችሁ አንድም ቀጠሮ አትዝለሉ።

አባት፣ ኮዬ ፈጬ፦ የክትትል ካርዱን፣ ሪፈሩንና መታወቂያዋን በፌስታል ጠቅልለህ ለብቻ አስቀምጥ። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ በነፃ ነው፤ ሆኖም መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሊባል ስለሚችል ጥሬ ገንዘብ ያዝ። ደም ሊለግሱ የሚችሉ ሁለት ወዳጆችህንም አነጋግር። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆንህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አለህ፤ አለቃህን ከአሁኑ አሳውቀው።

አያት፣ ቃሊቲ፦ ልጄ፣ ለእርሷ ፊት ለፊት የሚከፈት ቀሚስ፣ ሞዴስ፣ ነጠላና ጋቢ፤ ለሕፃኑ ኮፍያ፣ ካልሲና ሁለት መጠቅለያ ይበቃል። ስትወልድ አጥሚት በፔርሙዝ አድርስላት፤ ገንፎው ቤት ስትገባ ይደርሳል። ሕፃኑን ቅቤ እናቅምሰው የሚል ዘመድ ቢመጣ እሺ እንዳትል። እኛ ሳናውቅ አድርገነዋል። እንገሩን ሳታስደፉ ወዲያው ይጥባ። ማርያም በሽልም ታውጣት።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥበቃውን አነጋግሬው ትርፍ ቁልፍ ሰጠኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ራሷን አጥብቆ ያማታል። ደረጃው አድክሟት መስሎን ነበር።

አዋላጅ ነርስ፦ ድካም ነው ብላችሁ አትደሩ። ካርዷን ያዙና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታሉ ሂዱ። ለብቻዋ ደረጃ አትውረድ፤ ከፊቷ ሆነህ ደግፋት።

ጠያቂው፦ ጎረቤታችን መኪናውን እያስነሣ ነው። ፌስታሉን ይዣለሁ።