ተዘግቶ በተከፈተ ክለብ ማንን እንስማ? ስለ ለንደን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ዲጄዎች የቀረበ ጥቆማ

ለንደን ውስጥ አንድ የምሽት ክለብ ተዘግቶ ቆይቶ እንደገና በሩን ሲከፍት፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስታወቂያ በተጋባዥ ዲጄዎች ትልልቅ ስሞች ይሞላል፤ ርካሹ ትኬት ቀድሞ ያልቃል፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ደግሞ ውዱን ገዝቶ ማንን ሊሰማ እንደሄደ እንኳ ሳይለይ ይገባል። በዚህ ከተማ የምትኖሩና ለኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ አዲስ የሆናችሁ ወዳጆች “ከእነዚህ ሁሉ ስሞች ለየትኛው ብንከፍል ይሻላል?” እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ መልሴን ዘርዘር አድርጌ አስፍሬዋለሁ። እኔ በዳግም መክፈቻ ምሽት የምመርጠው የቤቱን ዲጄ፣ ማለትም በዚያው ክለብ ለዓመታት በቋሚነት የሚያጫውተውን ሰው ነው። ተጋባዡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል አጫውቶ ወደ ሌላ ከተማ ይበራል፤ የቤቱ ዲጄ ግን፣ ጥሩ አዝማሪ ታዳሚውን ከመቀመጫው እንደሚለየው ሁሉ፣ ቤዙ (ዝቅተኛውና ወፍራሙ ድምፅ) የትኛው ጥግ ላይ እንደሚከብድ፣ አዳራሹ በስንት ሰዓት እንደሚሞላና ሕዝቡ መቼ እንደሚደክም ያውቃል።

መነሻ የማደርገው ፋብሪክ የተባለውን የለንደን ክለብ ነው። ፋብሪክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1999 በፋሪንግደን ሰፈር፣ ከስሚዝፊልድ የሥጋ ገበያ ፊት ለፊት፣ ቀድሞ የማቀዝቀዣ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ተከፈተ። በ2016 አጋማሽ ሁለት የ18 ዓመት ወጣቶች አደንዛዥ ዕፅ ወስደው ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፣ በፖሊስ ጥያቄ ጉዳዩን የተመለከተው የኢዝሊንግተን ምክር ቤት በሴፕቴምበር ወር የክለቡን ፈቃድ ሰረዘ። ውሳኔውን በመቃወም ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች ፈረሙ፤ ለይግባኙ ወጪም ከ300 ሺህ ፓውንድ በላይ ተዋጣ። ይሁንና ይግባኙ ከመሰማቱ በፊት ሁለቱ ወገኖች በኖቬምበር ተስማምተው፣ ክለቡ ጃንዋሪ 6 ቀን 2017 ዳግም ተከፈተ። ስምምነቱ የመታወቂያ መቃኛ መሣሪያን፣ አርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ የመግቢያ ዕድሜ 19 እንዲሆንና ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው ለዘለቄታው እንዲታገድ የሚሉትን ጨምሮ ብዙ አዳዲስ ግዴታዎች ነበሩበት። በወረርሽኙ ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ከተዘጋ በኋላም በእንግሊዝ ያሉ የምሽት ክለቦች ሁሉ ጁላይ 19 ቀን 2021 እንዲከፈቱ ሲፈቀድ አብሮ ተከፈተ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ከዲጄ ምርጫ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። በር ላይ ፍተሻው ሲጠብቅና የእያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ሲቃኝ አዳራሹ የሚሞላው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ ግማሽ ባዶ በሆነ ወለል ላይ ማጫወትን ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ብዙ ዝነኛ ዲጄዎች የማይችሉት ወይም የማይወዱት ሥራ ነው። ፈጣንና ጮሌ ትራክ ቶሎ ካወጡ የምሽቱ ጉልበት ገና ሳይጀመር ያልቃል፤ ከተጠነቀቁ ደግሞ ሰው ወደ መጠጥ መሸጫው ይበተናል። እኔ የአንድን ዲጄ ብቃት የምመዝነው በዚህ ሰዓት ሲሆን፣ ቀድማችሁ እንድትገቡ የምመክረውም ለዚሁ ነው፤ የመግቢያ ሰልፉም ያኔ አጭር ነው።

ከፋብሪክ ሰዎች ክሬግ ሪቻርድስንና ቴሪ ፍራንሲስን አስቀድማለሁ፤ ሁለቱም ከክለቡ መከፈት ጀምሮ የቅዳሜው ምሽት መልክ የተሠራባቸው ዲጄዎች ናቸው። ክለቡ በ2001 የጀመረው የሚክስ ሲዲ (አንድ ዲጄ ትራኮችን እያያያዘ የሚያዘጋጀው ሲዲ) ተከታታይ ቁጥር 1 የሪቻርድስ፣ ቁጥር 2 ደግሞ የፍራንሲስ ነበር፤ በ2018 የወጣውን ቁጥር 100 ያዘጋጁትም ሁለቱ ከክለቡ መሥራች ከኪት ራይሊ ጋር ሆነው ነው። ሆኖም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፍራንሲስ ሃውስና ቴክኖ በሚባሉት፣ ቀጥ ያለ ምት ባላቸው ሁለት የዳንስ ሙዚቃ ዓይነቶች መካከል ባለው፣ እንግሊዞች ቴክ ሃውስ በሚሉት ስልት የቆመ ሰው ነው፤ ምቱ ደረቅና ቀጥ ያለ፣ ቤዙ የሚንከባለል፣ ብዙ ዜማ የሌለበት ስለሆነ መደነስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አያታክትም። ሪቻርድስ ግን ከአንዱ የሙዚቃ ዓይነት ወደ ሌላው ሲሻገር ለማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ የዘነጋነውን የቆየ ሸክላ አውጥቶ ከትናንት ትራክ ጋር ያጋባዋል፤ አንዳንዴም ወለሉን ሆን ብሎ ግራ ያጋባል። በኖርፎክ ከ2017 ጀምሮ የሚመራው ሆተን የተባለው ፌስቲቫል ላይም ረጃጅም የማጫወቻ ሰዓቶችን የሚወድ መሆኑ ይታያል። ለጀማሪ ፍራንሲስን፣ ጆሮው ለተከፈተ ሰው ሪቻርድስን እጠቁማለሁ፤ ለራሴ ግን ሁልጊዜ ሪቻርድስን ነው።

እነዚህን ዲጄዎች የፋብሪክ ዋና አዳራሽ በሆነው በአንደኛው ክፍል መስማት በሌላ ቦታ ከመስማት የሚለይበት ምክንያት ወለሉ ነው። ከዳንስ ወለሉ ሥር ዝቅተኛውን የቤዝ ድምፅ ወደ ንዝረት የሚቀይሩ 400 ያህል መሣሪያዎች ተተክለዋል፤ ድምፁ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በእግር በኩልም ወደ ሰውነት ይገባል። ለወለሉ እንግዳ የሆነ ዲጄ ቤዙን አለቅጥ ሲያሳድግ ትራኩ ይደፈናል፤ የቤቱ ዲጄ ግን ቤዙን ቆርጦ አውጥቶ በትክክለኛው ቅጽበት ሲመልሰው ወለሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ወደ ክፍሉ ስትገቡ ከዲጄው ፊት ለፊት ከመጋፋት ይልቅ የወለሉን መካከል ያዙ።

ከተጋባዦቹ መካከል ስሙ በፖስተር ላይ ሲታይ ትኬት የሚያስጨርሰው ሪካርዶ ቪያሎቦስ ነው። በቺሊ ተወልዶ፣ ቤተሰቡ ከፒኖቼት መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በመሰደዱ በጀርመን ያደገ ሲሆን፣ በ2007 ለፋብሪክ ያዘጋጀውን የሚክስ ሲዲ ቁጥር 36 ሙሉ በሙሉ በራሱ ሥራዎች ሞልቶት ነበር። የእሱ ሙዚቃ ጥቃቅን ከበሮዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ አንዱ ትራክ ብዙ ደቂቃ ሳይለወጥ የመሰለ እያለ ውስጥ ውስጡን የሚለወጥበት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት ለመቆየት ካላሰባችሁ ግን አልመክራችሁም፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት “ምንም አልተፈጠረም” ብለው የወጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት እውነታቸውንም ነበር።

አርብ ሌላ ዓለም ነው። ከክለቡ መከፈት አንሥቶ አርብ ምሽት ለድረም ኤንድ ቤዝና ለተሰበሩ ምቶች፣ በኋላም ለደብስቴፕና ለግራይም፣ ማለትም ቤዛቸው ከባድ፣ ምታቸው የተቆራረጠ ለሆኑ የሙዚቃ ዓይነቶች የተተወ ነበር፤ ከእነዚህ ምሽቶች የተወለደው ሁለተኛው የሲዲ ተከታታይም በ2018 ቤሪያል የተባለው ሙዚቀኛና ኮድ 9 ባዘጋጁት ቁጥር 100 ተጠናቅቋል። ከዚህ ወገን ሦስት ሰዎችን አወዳድራለሁ። በ2004 ሃይፐርደብ የተባለውን አሳታሚ የመሠረተው ኮድ 9 ለቤዝ የሚኖር ዲጄ ነው፤ ፍጥነቱ ከባድ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም። ቤን ዩኤፍኦ በአንጻሩ የራሱን ሙዚቃ ሳያወጣ በምርጫው ብቻ የተከበረ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሄስል ኦዲዮን የመሠረተ ሰው ሲሆን፣ በቴክኒክ ረገድ ከሦስቱ ቀዳሚው እሱ ይመስለኛል፤ ሁለት የማይገናኙ ትራኮችን ሲያገናኝ ስፌቱ አይታይም። ፎር ቴት ደግሞ ዜማ አለው፤ በ2011 ለፋብሪክ ባዘጋጀው ሚክስ ውስጥ በክለቡ ውስጥ የቀረጻቸውን የሰዎች ድምፆች ሳይቀር አስገብቷል። ዘፈን የለመደ ጆሮ ያለው ሰው ከፎር ቴት ቢጀምር አይከፋውም።

ብዙዎቻችን ወደዚህ ሙዚቃ የገባነው በ2018 በወጣው በሮፍናን “ነጸብራቅ” በኩል ነው። ሮፍናን የሚያጫውት ብቻ ሳይሆን የሚዘፍን ሰው ስለሆነ፣ ከእሱ ተነሥታችሁ ለንደን ክለብ ስትገቡ መጀመሪያ የሚጎድላችሁ የሰው ድምፅ ነው። በመካከል የሚያሻግር ድልድይ ካስፈለጋችሁ የሚካኤል ሰይፉንና “ኢትዮጵያን ሪከርድስ” በሚል ስም የሚሠራውን የእንደገና ሙሉን ሥራዎች በቤታችሁ አስቀድማችሁ ስሙ፤ ሁለቱም በ2014 ሥራዎቻቸውን በዋሽንግተን በሚገኘው 1432 አር በተባለ የሙዚቃ አሳታሚ በኩል ያወጡ ሲሆን፣ የአገር ቤት የሙዚቃ መሣሪያዎችን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር የሚያዋሕዱበትን መንገድ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ይሉታል። እንዲሁም “ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ” የሚል ስም በማስታወቂያ ላይ ካያችሁ አትለፉት፤ ይህ ዲጄ በክለብ ውስጥ በካሴት የሚያጫውት፣ በ2013 የኃይሉ መርጊያን የ1985 “ሸሞንሟናዬ” ዳግም ያሳተመ ሰው ነው። የድምፁ ጥራት ከሸክላ ቢያንስም፣ ከማያውቁት ሕዝብ መካከል የእናት አባቶቻችንን ዘመን ድምፅ በዚያ መጠን መስማት ለእኔ ከዋጋው በላይ ነው።

ሌሎቹን ቤቶች ከፋብሪክ ጋር ሳነጻጽር በድምፅ ጥራት የሚፎካከረው ሚኒስትሪ ኦቭ ሳውንድ ነው። በሴፕቴምበር 1991 በኤለፋንት ኤንድ ካስል ሲከፈት፣ መሥራቹ ጀስቲን በርክማን ከኒው ዮርኩ ፓራዳይዝ ጋራዥ ክለብ በወሰደው ሐሳብ መሠረት ድምፅን በመጀመሪያ፣ መብራትን በሁለተኛ፣ የቤቱን ውበት በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጦ ነበር የሠራው፤ በመጀመሪያው ዘመንም አልኮል አይሸጥበትም ነበር። ዋናው ክፍል ቦክስ ይባላል፤ በ2016 ድምፅን በታዳሚው ዙሪያና ከራስ በላይ የሚያንቀሳቅስ የዶልቢ አትሞስ ሥርዓት ተገጥሞለታል። ቮካል (የዘፋኝ ድምፅ) ያለውን፣ ከወንጌል መዝሙር የተወለደ የሚመስለውን ሃውስ ከወደዳችሁ ከፋብሪክ ይልቅ እዚህ ትደሰታላችሁ። የሚከፋኝ ነገር የማስታወቂያው ስፋት ነው፤ አንዳንዱ ምሽት ለጎብኚ የተሰናዳ ስለሚመስል፣ የዲጄዎቹን ስም ሳታዩ በክለቡ ዝና ብቻ አትሂዱ።

በብሪክስተን የሚገኘው ፎኖክስ በ2015 የተከፈተ አነስተኛ ክለብ ነው፤ ለአንድ ዲጄ ሙሉ ሌሊትን አደራ በመስጠት ስም አግኝቷል። ሃይ የምትባለዋ አውስትራሊያዊት ዲጄ በሙያዋ ያደገችው እዚያ በነበራት የቅዳሜ ቋሚ ምሽት ነው። የቤት ዲጄ የሚለውን ሐሳብ በቅርብና በአነስተኛ ወጪ ለመቅመስ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ካምደን የሚገኘው ኮኮ በ1900 የተሠራ ቲያትር ሲሆን፣ በጃንዋሪ 2020 በእድሳት ላይ እያለ ተቃጥሎ በኤፕሪል 2022 ተከፍቷል፤ ሰገነቶቹ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ዳግም መክፈቻውን በዲጄ ሳይሆን በአርኬድ ፋየር ባንድ ማድረጉ ቤቱ በባሕርዩ የኮንሰርት አዳራሽ መሆኑን ያሳያል። ድረምሼድስ ደግሞ በቶተንሃም በቀድሞው የአይኪያ መደብር ውስጥ በ2023 የተከፈተ፣ 15 ሺህ ሰው የሚይዝ ስፍራ ነው። ትልቅ ስም በትልቅ ስክሪን ለማየት ይሆናል፤ ከኋላ የቆመ ሰው ግን ዲጄውን ሳይሆን ከፊቱ የተነሡትን ስልኮች እያየ ያመሻል።

ትኬት የምትገዙ ከሆነ ዋጋው በየደረጃው ስለሚጨምር ስም ዝርዝሩ እንደወጣ ግዙ፤ የእያንዳንዱ ዲጄ የማጫወቻ ሰዓት ዘግይቶ በምሽቱ ዋዜማ ወይም በዕለቱ ሊወጣ ስለሚችል፣ ያንን ሳታዩ ከቤት አትውጡ። በር ላይ የስልክ ፎቶ ወይም በኢንተርኔት ብቻ የሚታይ የመኖሪያ ፈቃድ ይበቃል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ፓስፖርት ይዞ ማምሸት የማይወድ ሰው የጀማሪ መንጃ ፈቃድ ቢያወጣ ይገላገላል። የጆሮ መድፈኛ ከቤት ያዙ። ለመመለስ አርብና ቅዳሜ ሌሊት በሙሉ የሚሠሩት የምድር ባቡር መስመሮች አምስት ሲሆኑ፣ ከፋብሪክ ቻንስሪ ሌን ድረስ በእግር ሄዳችሁ ሴንትራልን ትይዛላችሁ፤ ከፎኖክስ ቪክቶሪያ፣ ከኮኮ ኖርዘርን ቅርብ ናቸው። ኤለፋንት ኤንድ ካስል ላይ ግን የሌሊቱ ኖርዘርን አይቆምምና፣ ከሚኒስትሪ ኦቭ ሳውንድ የምትወጡ እስከ ኬኒንግተን በእግር መሄድ ወይም የሌሊት አውቶቡስ መጠበቅ ይኖርባችኋል።